መድፉና መድፈኛው



ሐኪም ስለ መድፍ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ግን ለወልቂጤና ለቡታጅራ ሆስፒታሎች መሣሪያ እንግዛ ብለን ስንመክር ከርመናል፤ እኔም የጉራጌ ልጅ ነኝና ባልቻ አባ ነፍሶ ትዝ አሉኝ። በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል ሁላችን እናውቀዋለን፤ መድፈኛነታቸውን ግን ታካሚው ቀርቶ እኛም ረስተነዋል።

ከጉራጌ ምድር የተገኙት፣ በልጅነታቸው ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉት ባልቻ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ መድፍ አዋግተዋል። ሠራዊታችን የፈረንሳዩ ሆችኪስ ፋብሪካ ፈጣን መድፎች ነበሩት። በድሮው መድፍ ባሩዱና አረሩ ለየብቻ ይጎርሱ ነበር፤ በፈጣኑ ግን ሁለቱም በአንድ ቀለህ ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ይጎርሳል፣ ይዘጋል፣ ይተኮሳል፤ በቃ። ይህ ዓይነቱ መድፍ በይበልጥ ስሙን ያተረፈው በጦር መርከቦች ላይ ነው፤ እየከነፉ የሚጠጉ የቶርፒዶ ጀልባዎችን ለመምታት። አድዋ ላይ ግን በበቅሎ የጫነ፣ ያነጣጠረ፣ ጥይት ያቀበለ ሰው ነበረው።

ጀርመኖችም ይህንኑ በሌላ መንገድ አይተውታል። ኮኒግስበርግ የተባለችው መርከባቸው 10 ባለ 105 ሚሊሜትር ፈጣን መድፎች ነበሯት። በሐምሌ 1907 ዓ.ም. በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ሩፊጂ ወንዝ ውስጥ እንግሊዞች ሲያወድሟት መድፎቹን ነቅለው አወጡ፤ መንኮራኩር ሠርተውላቸው በየብስ አዋጉባቸው። ከ1 ቶን በላይ የሚመዝነውን ብረት ታዲያ በዚያ ጫካ ማን ጎተተው? አፍሪካውያን ተሸካሚዎች ናቸው። በዚያ ዘመቻ ተሸካሚዎቹን ከጥይት ይልቅ ወባና ተቅማጥ ነው የፈጃቸው። ከተረፉት መድፎች መካከል ዛሬ ፕሪቶሪያና ሞምባሳ ቆመው የሚጎበኙ አሉ። የጎታቾቹን ስም የሚያውቅ ግን የለም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። እኔ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል (ስሙ ይቅርና) ከውጭ በስጦታ የመጣ አልትራሳውንድ ሁለት ዓመት ሙሉ መጋዘን ተቀምጧል። ፕሮቡ ተበላሸ፤ መለዋወጫ የለም፤ የሚጠግነውም ባለሙያ የለም። እኔ ከገጠር በቃሬዛ የመጣች ነፍሰ ጡር ሆዷን በእጄ እየዳሰስኩ ስገምት፣ ማሽኑ ጀርባዬ ካለው ክፍል ውስጥ አቧራ ለብሶ ነበር። የላኩልን ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ ጥይት የሌለው መድፍ ነው የላኩልን።

ስለዚህ ከምናዋጣው ገንዘብ ግማሹ ለባዮሜዲካል ቴክኒሻኖች ሥልጠናና ለመለዋወጫ ይሁን እላለሁ። የማሽኑ ቁጥር ያንሳል፣ ፎቶ ላይም አያምርም፤ አውቃለሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት እዚህ ላለው ባለሙያ ደውሉለት፤ ምን እንደጎደለው እሱ ይነግራችኋል። መመዝገቢያው ሻይ በሚቀዳበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከምታዋጡት ብር ጎን፣ ስንት ሳምንት መጥታችሁ ማሠልጠን እንደምትችሉም ጻፉበት።