የሃይበሪ ትዝታ

እሷ፦ አርሰናል ሃይበሪ ስታዲየም የገባው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። 93 ዓመት ኖረበት!

እሱ፦ የሰፈሩ የምድር ባቡር ጣቢያ እንኳ በ1932 ስሙ ተቀይሮ «አርሰናል» ተብሏል እኮ።

እሷ፦ የመጨረሻውን ጨዋታ ታስታውሳለህ?

እሱ፦ እንዴት ይረሳል! በ2006፣ ዊጋንን 4 ለ 2። አጥቂው ሄንሪ ሦስተኛ ጎሉን ሲያገባ ተንበርክኮ ሣሩን ሳመው።

እሷ፦ ታዲያ ለምን ለቀቁት? እኔን እስካሁን ይቆጨኛል።

እሱ፦ የሚይዘው 38 ሺህ ሰው ነበራ! ዙሪያው ደግሞ መኖሪያ ቤት ነው፤ በየት በኩል ይስፋ? አዲሱ ስታዲየም ኤምሬትስ 60 ሺህ ይይዛል።

እሷ፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ሃይበሪ ዛሬ አፓርታማ ሆኗል፤ ሜዳው የነዋሪዎች አትክልት ስፍራ ነው።

እሱ፦ በ1936 የተሠራው የምሥራቁ ትሪቡን ፊት ግን በቅርስነት ተጠብቆ አልፈረሰም።

እሷ፦ እሱንስ እንኳን አተረፉት! አንድ ቀን ሄጄ በሩ ላይ ብቆም ደስ ይለኛል።