ባለሙያ ማን ናት?

(ዓርብ ከጸሎት በኋላ ለእኅቶች የተሰጠ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ ከየቤቱ አስፈቅዳችሁ፣ በዚህ ሙቀት መጥታችሁ በሰላም ስላገናኘን እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ተራው የኔ ሆኗል። እንደምታውቁት እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከ10ኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ ሰሞኑን ያስጨነቀኝን ነገር ነው የማጫውታችሁ።

ነገሩ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ታናሿ እኅቴ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «እታለም፣ ደላላው ተገኝቷል፤ ብሩን ላኪልኝና ልምጣ» ትላለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ አላለፈችም። ብቻዋን አይደለችም፤ እሷ በተፈተነችበት በ2014 ዓ.ም. የማለፊያ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቤት ተቀምጣለች።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሎጊያ፣ ጋላፊ፣ ኦቦክ፣ ከዚያ ጀልባ። እኔም የመጣሁት በዚያው ነው። ለእሷ ግን ያየሁትን ነግሬያት አላውቅም። እደውላለሁ፣ «ደኅና ነኝ» እላለሁ፣ በሐዋላ ብር እልካለሁ፣ በቃ። ታዲያ መንገዱ ቀላል መስሎ ቢታያት በእሷ ይፈረዳል?

«ኮምፒውተር ብትማሪስ?» ብላት ሳቀች። «እታለም፣ እሱ ለአዲስ አበባ ልጆች ነው፣ ለፈረንጅ ነው። እንደኛ ላለው አይሆንም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እኔም በልቤ የማስበው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ልብስ ስተኩስ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ፣ በዚህ ሙያ ያሉ የእኛ ልጆች ሲያወሩ ማዳመጥ ጀመርኩ። መብራት ባለ ጊዜ ማለቴ ነው፤ የኤደንን መብራት መቼም ለእናንተ አልነግራችሁም። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አንዷ ቤተልሔም ደሴ ናት። የሐረር ልጅ ናት፤ የተወለደችው በፈረንጆች 1999 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ልደቷን ለማክበር አባቷን ገንዘብ ብትጠይቅ የለኝም አሏት። አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነበራቸው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ለደንበኞች ቪዲዮ እያቀናበረች፣ በስልካቸው ዘፈን እየጫነች ገንዘቡን ራሷ አገኘችው። በዚያው ገፋችበት። አዲስ አበባ ውስጥ አይኮግ ላብስ የሚባል፣ ሶፊያ የተባለችውን ሮቦት በመሥራት የተሳተፈ ድርጅት አለ፤ እዚያ ገብታ ለልጆች ኮዲንግ የሚያስተምር ሥራ መራች። በስልክ ዘፈን መጫን እኮ በየሠፈራችን የምናውቀው ሥራ ነው።

ሁለተኛዋ ረድኤት አበበ ናት። ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ሒሳብ ተማረች፤ በ2019 አሜሪካ በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

ሦስተኛዋ ትምኒት ገብሩ ናት። ወላጆቿ ኤርትራውያን ናቸው፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲመጣ በ15 ዓመቷ ተሰደደች። አሜሪካ መጀመሪያ ቪዛ ከለከለቻት፤ አየርላንድ ቆይታ በኋላ በጥገኝነት ገባች። እዚያም ጎበዝ ተማሪ ሆና ሳለ ከፍ ወዳለው ክፍል እንዳትገባ የከለከሏት አስተማሪዎች ነበሩ። እሷ ግን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዶክተር ሆነች። ስለዚህ እኅቶቼ፣ ወረቀት መለመን፣ «አንቺ አትችዪም» መባል በእኛ የተጀመረ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ2016 ስፔን አገር፣ ባርሴሎና፣ የኤአይ ባለሙያዎች ትልቅ ስብሰባ ነበር። ኤአይ ማለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ማሽን እንደ ሰው እንዲለይ፣ እንዲያነብ፣ እንዲመልስ የሚያደርግ ሥራ ነው። ብዙ ሺህ ሰው ተሰብስቧል። ትምኒት ጥቁሮቹን ብትቆጥር ስድስት የሚያህሉ ናቸው። ስድስት! እኛ ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ያለነው ከዚያ እንበልጣለን።

እሷ ይህን አይታ ዝም አላለችም። በ2017 ከረድኤት ጋር ሆነው ብላክ ኢን ኤአይ የሚባል ኅብረት አቋቋሙ። በዚህ ሙያ ያሉ ጥቁሮች ተሰብስበው ሥራቸውን ይነጋገራሉ። ማን ምን እንደሠራ ያሳያል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያመለክተውን ወጣት ቀድሞ የገባው ይረዳዋል። አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ይነግራል ማለት ነው።

በ2018 ስብሰባው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ሲሆን፣ ብዙዎቹ ቪዛ ተከለከሉ። የቪዛው ነገር ብዙ አነጋገረ። ሌላ ትልቅ የኤአይ ስብሰባ ደግሞ በ2020 አዲስ አበባ ላይ እንዲደረግ ተወሰነ። እኔ እንደገባኝ፣ እኛን ካላስገባችሁን እናንተ ወደኛ ኑ እንደማለት ነው። ኮሮና መጣና ስብሰባው በኢንተርኔት ሆነ እንጂ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲሉ አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነው።

«ታዲያ እነሱ ተሰበሰቡ አልተሰበሰቡ ለኛ ምናችን ነው?» የምትል ትኖራለች። ይኸውላችሁ። ትምኒት ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆና በ2018 ጥናት አወጣች። ፊት አይተው ሴት ነው ወንድ ነው ብለው የሚለዩ ሦስት ድርጅቶች የሠሯቸውን ማሽኖች ፈተኑ። በነጭ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከመቶ አንድ አይሞላም። በጥቁር ሴቶች ላይ ግን ከመቶ እስከ 34.7 ደረሰ። ከሦስት ሴት አንዷን ማለት ነው። ማዳሞቻችን «እናንተ ሐበሾች ሁላችሁም አንድ ናችሁ» ሲሉ እንስቃለን። ማሽኑም እንደዚያው ነው የተማረው። እኛን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ክፍል ስለተሠራ፣ እኛን አላወቀንም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ኅብረቱን ያቋቋሙት ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች ሲሆኑ፣ ስሙን ግን «ሐበሻ» አላሉትም፣ «ጥቁር» አሉት እንጂ። እኛ አገራችን ሳለን ጥቁር መሆናችንን አናውቅም ነበር። ቀይ ናት፣ ጠይም ናት፣ የቀይ ዳማ ናት እንባባል ነበር። እዚህ መጥተን ነው የተነገረን። ያም ሆኖ ሼክ ዑስማን ገበያ ላይ እንደኛው በሰው ቤት የምትሠራ የሶማሊያ ሴት ስናይ ዞር እንላለን። እኔም እላለሁ። እነዚያ ልጆች ግን ከናይጄሪያው፣ ከጋናው፣ ከአሜሪካው ጥቁር ጋር አንድ ገበታ ቀረቡ። ይህን ሳስብ አፈርኩ።

አሁን ስለ ራሳችን ልናገር። እነዚያን ወጣቶች ሲጠሯቸው «ወጣት ባለሙያዎች» ይሏቸዋል። እኛ አገር ደግሞ «ባለሙያ ናት» ከተባለ ዶሮዋን ባሥራ ሁለት ብልት የምታወጣ፣ ቤቷን የምትይዝ ሴት ማለት ነው። ቃሉ አንድ ነው። እናንተስ ምን ትሠራላችሁ? ሕፃን ታሳድጋላችሁ፣ ሽማግሌ ታስታምማላችሁ፣ የማታውቁትን ቋንቋ ያለ አስተማሪ ተምራችሁ ትነጋገራላችሁ። ይህ ሙያ ካልሆነ ምን ሙያ ነው?

ግን አንድ ክፉ አባባል አለን፤ «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። የምታውቂውን ያዥ፣ አትናገሪ ማለታችን ነው። በዚህ አባባል እኔ ሰው አስጎድቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አዲስ ልጅ እኔ ባለሁበት ሕንፃ፣ ከላይ ካለው ቤት ተቀጠረች። በደረጃ ላይ እንገናኛለን፣ ሰላም እንባባላለን። በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ አንድ ላይ እንደማይደረግ እኔ አውቃለሁ፤ የነገረችኝ አንዲት ትልቅ ሴት ነች። ልጅቱ ሁለቱንም በአንድ ባልዲ ይዛ ስትወጣ አየኋት። ልነግራት አሰብኩ። «የማዳሟ ጉዳይ ነው፣ ደግሞስ ለእኔ ማን ነገረኝ?» ብዬ አለፍኩ። እኔ ግን የነገረችኝ ሰው ነበረች፤ ለራሴም ዋሸሁ። መስኮቱን ዘግታ ስታጥብ ራሷን ስታ ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን አልሞተችም። ግን ስንት ሳምንት በሳል ደረቷ ተቀደደ። ሳልዋን ማታ ማታ ከላይ እሰማ ነበር።

እኅቶቼ፣ ዛሬ በግልጽ ልንገራችሁ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በረኪናና አሞንያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም እንዲሁ መርዝ ነው። አንዱን ብቻ፣ መስኮት ከፍታችሁ ተጠቀሙ። ይህን ለመናገር የፈጀብኝ አንድ ደቂቃ አይሞላም። መክሊቱን መሬት ቆፍሮ የቀበረው ሰው ታሪክ ሲነበብ እኔ ያቺን ደረጃ አስታውሳለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዓርብ ዓርብ ከጸሎት በኋላ የሰው ቤት ወሬ የምናወራበት ሰዓት አለ፤ ከሱ ግማሹን ለሙያ እንስጠው። አንዷ የምታውቀውን አንድ ነገር ትናገር። ስልክ የምትችለዋ የሚስጥር ቁጥር አያያዝ ታሳየን። ፓስፖርቷ በማዳም እጅ ያለ ሁሉ ፎቶውን አንስታ ለራሷና ለአንድ ዘመድ እንድትልክ እንረዳት። ደመወዝ የተከፈለበትን ቀንና መጠን በደብተር መጻፍ እንጀምር፤ መጻፍ ለማትችለዋ እኔ እጽፍላታለሁ። ዓረብኛ ማንበብ የምትችለዋ በመድኃኒት ላይ የተጻፈውን ታስተምረን። ጸሎቱ የእኛ ነው፤ ለዚህኛው ግን የሶማሊያ እኅቶቻችንንም ብንጠራ ምን ይጎድልብናል?

አገር ቤት ታናናሾች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። ኢትዮጵያ ከኤምሬቶች ጋር ሆና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረችው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባል ሥልጠና አለ። በኢንተርኔት ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ለጨረሰ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ እንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ኢንተርኔትም ይጠይቃል፣ ወረቀት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ከጀልባው ግን ይሻላል።

ለእኅቴስ ምን አልኳት? በመጀመሪያ የመንገዱን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳት። በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። በኦቦክ ስለጠበቅንባቸው ቀናት፣ በጀልባው ላይ ስለሆነው ሁሉ። እያለቀስኩ ነው የቀዳሁት። ከዚያ የደላላውን ብር አልልክም፣ ለአሮጌ ላፕቶፕና ለእንግሊዝኛ ትምህርት ግን እልካለሁ አልኳት። ስለ ረድኤትና ስለ ትምኒትም ነገርኳት።

ተቆጣች። ሦስት ሳምንት አልመለሰችልኝም። ሌላ ሰው ብሩን ሰጥቷት ወጥታ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ረቡዕ አንዲት አጭር ድምፅ ላከች። «እሺ እታለም፣ እስከ ፋሲካ» ብቻ ነው ያለችው።

እስከ ፋሲካ ነው ጊዜ የሰጠችኝ። በጸሎታችሁ አስቡልን። በሚቀጥለው ዓርብ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ማን እንደምትሆን ደግሞ ዛሬ ሳንለያይ እንወስን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።