እጅ ያልነካው ትምህርት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት አባላት ነን። ሁለታችን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ስናስተምር፣ አንዳችን በሆስፒታል ላቦራቶሪ ስንሠራ የሸበትን ነን። ልናነሣ የፈለግነው ጉዳይ ሳይንስ የሚማሩ ልጆቻችንን የእጅ ሙያ የሚመለከት ነው። «ይህ የትምህርት ቤት ነገር ነው፤ ለዕድር ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱን ወደ በኋላ እንሰጣለን።

እኛ በተማርንበት ጊዜ ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ነበረው። ቁልፉ ግን ከኃላፊው ኪስ አይወጣም ነበር። ዕቃው እንዳይሰበር ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ኖረ፤ እኛም በመስኮት አሻግረን አየነው። የቲትሬሽንን አሠራር ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጠን፣ በቃላችን ሸምድደን፣ ፈተናውን በጥሩ ነጥብ አለፍን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ቡሬት በእጃችን የያዝን ዕለት ጉዳችን ታየ።

ፌኖልፍታሊን የሚባለው አመልካች አሲድ ውስጥ ቀለም የለውም፤ የሚጨመረው ቤዝ ከአሲዱ ጋር ተመጣጥኖ ጥቂት ሲያልፍ ፈዛዛ ሮዝ ይሆናል። ለውጡን የምታመጣው አንዲት ጠብታ ናት። እኛ ግን ቧንቧውን ወለል አድርገን ከፍተን አንቆረቆርነው፤ ፈሳሹም እንደ ቀይ ሥር ደመቀ። ያፈርነው በዚህ አይደለም። ያፈርነው አጠገባችን ከነበረ ተማሪ ላይ ቁጥሩን ገልብጠን፣ የራሳችን አስመስለን በማስረከባችን ነው። ያን ቀን ማንም አልያዘንም፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነናል።

እናቶቻችን ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። እንጀራ መጋገር በወሬ አይለመድም። የምጣዱን ግለት፣ የሊጡን ቅጥነት፣ የእጅን አዟዟር ልጅቷ የምታውቀው ስትሠራው ነው። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ዓይን አያወጡም፤ ይቀደዳሉ። እናት ግን «ሊጥ አባከነች» ብላ ምጣዱን አትቆልፍባትም።

ታዲያ የላቦራቶሪ እጅ ማለት ምንድን ነው? ዋና ዋናውን እንናገር።

አንደኛው መለካት ነው። ውሃ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ሲሆን ገጽታው መሐሉ ላይ ይጎደጉዳል። ንባቡ የሚወሰደው ከጎድጓዳው ሥር ነው፤ ዓይንም ከዚያው ትክክል መሆን አለበት። ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያየ ሌላ ቁጥር ያነባል። ተራው ቡሬት 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝና በ0.1 የተከፋፈለ ሲሆን፣ የለመደ ዓይን በሁለት ጭረቶች መካከል ያለውን እንኳ ይገምታል። ሥራውም አንድ ጊዜ ተሠርቶ አይተውም፤ ውጤቶቹ እስኪቀራረቡ ይደጋገማል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ይመስለናል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው። ኃይለኛው ሰልፈሪክ አሲድ ሲቀጥን፣ አሲዱ ነው በዝግታ ወደ ውሃው የሚጨመረው እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይደለም። ቢገለበጥ በሚፈጠረው ሙቀት ፈልቶ ይረጫል። ካስተማርናቸው ልጆች አንዱ ይህን ሕግ በፈተና ላይ ጽፎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። በሥራው ቀን ግን ገልብጦ አደረገው። መነጽር አድርጎ ስለነበር ዓይኑ ተረፈ፤ የእጁ ጠባሳ ግን አልጠፋም። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ዕቃ አላስነካነውም ነበርና ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። የዕድራችንን ጸሐፊ ተመልከቱ። ቀኑን ይጽፋል፤ ቢሳሳት በአንድ መስመር ሰርዞ ይፈርምበታል እንጂ አይፍቅም፤ ገጽ አይገነጥልም። የላቦራቶሪ ደብተርም እንዲሁ ነው። ያየኸውን ትጽፋለህ፤ ማየት የፈለግኸውን አይደለም። በብጣሽ ወረቀት ጽፎ «ማታ እገለብጠዋለሁ» ማለት የስሕተት በር ነው።

እንዲህ ያለው እጅ የት እንደሚያደርስ ሁለት ምስክር እንጥራ። ማይክል ፋራዴይ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ የነበረ የድኻ ልጅ ነው። በ1813 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ገባ። ታላቅ ሳይንቲስት ከሆነም በኋላ፣ በ1827፣ የላቦራቶሪን የእጅ ሥራ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ከእኛው አገር ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ አሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አይተው ዝም አላሉም፤ የእንዶዱን ኃይል በሙከራ ፈተኑት። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እንዶዱን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ ልዩነቱን ያመጣው የሠለጠነ ዓይንና እጅ ነው።

አሁን ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ፤ ለዕድር ምኑ ነው? የሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚገባው የነገ ሠራተኛ የዛሬው ልጃችን ነው። የሁለት ሕመምተኞች ደም ስም ሳይጻፍበት ቢቀያየር፣ ያልተነበበ ቁጥር እንደ ተነበበ ሆኖ ቢጻፍ፣ ወሬው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ለዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ለመቅበር የምንተሳሰበውን ያህል ለማኖርም እንተሳሰብ።

ስለዚህ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልቅሶ በሌለ ጊዜ፣ የዕድሩ ቤት ለልጆቹ ይከፈት። አደገኛ ነገር አናመጣም። የከርከዴ ውሃ ከሎሚ ጋር ቀይ ነው፤ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ሲበዛበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ለመለኪያ ይሆናል። ጠብታ መቁጠር፣ ደጋግሞ መሥራት፣ በደብተር መጻፍ በዚህ ይለመዳል። ከእናንተ የምንለምነው ክዳን ያላቸው ባዶ ጠርሙሶችን፣ አንድ የወጥ ቤት ሚዛንና ትዕግሥታችሁን ነው።

ጠርሙስ ይሰበራል። የዕድሩ ብርጭቆም በየልቅሶው ይሰበራል፤ እንተካለን እንጂ ቆልፈን አናስቀምጠውም። እኛ በመስኮት ያየነውን እነርሱ በእጃቸው ይንኩት።