ነጭ ዓሣና የጉና አፈር

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በውጭው ዓለም ሳልሞን የሚባል ዓሣ አለ። ከባሕር ተነሥቶ ወንዙን ሽቅብ ይወጣና በተወለደበት ውኃ እንቁላሉን ይጥላል። በመንገዱ ዝቅ ያለ ፏፏቴ ቢገጥመው ዘሎ ያልፈዋል። አላስካ ውስጥ ባለው ብሩክስ ፏፏቴ ይህን ዝላይ ለማየት ብዙ ጎብኚ ይሄዳል።

ጢስ ዓባይን ሊጎበኝ የሄደ አባል ግን እንዲህ ያለ ነገር አያይም። 40 ሜትር ያህል የሚወረወር ውኃ የሚወጣ ዓሣ የለም። የጣናን ዓሣ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ የለየው ይኸው ገደል ነው። ከዚህም የተነሣ በዓለም ላይ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ።

ነጭ ዓሣም የሳልሞን ጠባይ አለው። ክረምት ሲገባ በርከት ያሉት ዝርያዎች ሐይቁን ለቀው በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ሽቅብ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ኩልል ያለ፣ ታቹ ጠጠር የሆነ ገባር ወንዝ ነው። እንቁላሉ ጠጠር ለጠጠር ገብቶ ይፈለፈላል፤ ደለል ከተጫነው ግን ታፍኖ ይሞታል።

ጉማራና ርብ የሚነሡት ከጉና ነው። የስማዳ ውኃ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ስለሚወርድ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነው ሊባል ይችላል፤ እውነትም ነው። በእስቴና በፋርጣ በኩል ግን እርከን የሌለው ማሳ አፈሩን የሚልከው እዚያው ጠጠር ላይ ነው።

ሌላው ጥፋት የሰው እጅ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሞተር ጀልባ ሲገባ መረቡ በወንዞቹ አፍ በዛ፤ ዓሣው ተሰብስቦ የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ማጥመዱ ቀላል ነው። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። ወንዙ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን አለ፤ መርዙ ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን ከልክሏል። ርብ ላይ የተሠራው ግድብም ለመስኖ ትልቅ ጥቅም ቢኖረውም ለዓሣው ሁለተኛ ጢስ ዓባይ ነው።

ስለዚህ ለአመራሮቻችን የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የብርብራው ክልከላ በየቀበሌው ስብሰባ ከሰኔ በፊት ይነገር፤ በጉማራ ተፋሰስ ያሉ ማኅበራትም የእርከን ሥራውን በበጋው ይጨርሱ። ሐምሌ ላይ ዓሣው ጉዞ ይጀምራል።