የፎቶ ማስተካከያ ለቤት ኮምፒውተር

ሸኮም ሆነ ቴፒ፣ ቡና ጥላ ሥር ፎቶ ያነሣ ሰው ያውቀዋል፤ በቅጠል መሀል ያለፈው ብርሃን ፊት ላይ አረንጓዴ ይጥላል፣ ጠይሙ ፊት ይጨልማል። ስለዚህ ፕሮግራም ስትመርጡ መጀመሪያ ቀለም ማስተካከልና የጨለመውን ክፍል ለይቶ ማብራት መቻሉን እዩ። ጌጡ ይቆይ።

ፎቶሾፕ ጎበዝ ነው። ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2013 ወዲህ አዲሱ የሚገኘው በየጊዜው እየተከፈለበት ነው፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ የተደረገ ኮፒ ደግሞ እባካችሁ ተዉት! ቫይረስ ይዞ ከገባ የሠርጋችሁን፣ የሟች ወላጆቻችሁን ፎቶ ሊያጠፋ ይችላል፤ ያ ደግሞ አይተካም።

እኔ የምመክረው ጊምፕን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ነፃ ፕሮግራም ነው፤ አንዴ ሚዛን ተፈሪ ላይ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። «ከለር ባላንስ» አረንጓዴውን ይቀንሳል፣ «ከርቭስ» ጥላውን ያበራል። የካሜራ ጥሬ ፋይል ላላችሁ ዳርክቴብል አለ፤ እሱም ነፃ ነው፣ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል።

መብራት ሳይነገር ስለሚሄድ ሥራችሁን ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ፤ ዋናውን ፎቶ ሳትነኩ፣ በሌላ ስም።