የከብት ሐኪሙና ቤተሰቡ

(የከብት ድምፅ፣ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ደስታ የተባለው ወረርሽኝ ከብቱን ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ሲያመጣ በአገራችን የሠለጠነ የከብት ሐኪም አልነበረም። የእንስሳት ጤና ረዳቶች በደብረ ዘይት መሠልጠን የጀመሩት በ1950ዎቹ ነው።

ከእነሱ አንዱ ጋሞ ሲመደብ ሁለት አገር ያገኛል። ደጋው ላይ፣ ጨንቻና ዶርዜ፣ ላም ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ታድራለች፤ እበቷም እንሰቱን ያፋፋል። ስለዚህ ላም ስትሞት ወተቱ ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ እንሰቱም ይከሳል። ቆላው ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ፣ ቆላ ዝንብ የሚያዛምተው ገንዲ የተባለ የከብት በሽታ አለ። ለገንዲ መድኃኒት እንጂ ክትባት የለም።

ለደስታ ክትባት ነበር፤ ግን ሙቀት ያበላሸው ነበር። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ሳይቀልጥ መድረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

ቤተሰቡስ? ሐኪሙ የመንግሥት ሠራተኛ ነውና ዝውውር ሲመጣ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ይከተላል። ሐኪሙ መስክ ሲውል ደጅ ለሚያንኳኳው ባለከብት መልስ የምትሰጠው ሚስት ናት። የእሷን ድካም በደመወዝ መዝገብ ያሰፈረ መኖሩን እጠራጠራለሁ!

ዓለም ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ገንዲ ግን ዛሬም የአርባ ምንጭ ዙሪያ አርቢዎች ራስ ምታት ነው።