ረቂቁ እንዴት ሕግ ይሆናል?
(ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በአሜሪካ ሕግ የሚወጣው በፕሬዚዳንቱ ብዕር ብቻ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ረቂቁን የሚያቀርበው የምክር ቤት አባል ነው፤ ኮሚቴ ይመረምረዋል፤ እንደራሴዎቹና ሴኔቱ በአንድ ቃል ሲያጸድቁት ለፕሬዚዳንቱ ይደርሳል። ፕሬዚዳንቱ ባይስማሙ ምክንያታቸውን ጽፈው ይመልሱታል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካጸኑት ግን ያለ ፊርማቸው ሕግ ይሆናል።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በሰኔ 1955 ዓ.ም. ስለ ዜጎች መብት ሕግ እንዲወጣ ጠየቁ፤ ፍጻሜውን ሳያዩ ተገደሉ። እንደራሴዎቹ በየካቲት 1956 ዓ.ም. ረቂቁን 290 ለ130 በሆነ ድምፅ አሳለፉት። በሴኔት ግን ተቃዋሚዎቹ ንግግር በማስረዘም ከሁለት ወር በላይ አገዱት። በመጨረሻ ክርክሩ በ71 ድምፅ ተዘጋ፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰንም ሰኔ 25 ቀን ፈረሙበት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና ሕግን አጥብቆ መመርመር መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ቆዳው ቀለም ከምግብ ቤት ደጅ ለሚመለሰው ሰው እያንዳንዱ ቀን ምን ያህል ረጅም ነበር! ስለዚህ እኛም በክፍላችን ክርክር ስንነሣ፥ ንግግራችን እውነትን ለመፈለግ እንጂ ፍርድን ለማዘግየት አይሁን።